ስንረዳ የማንን ፊት እናሳያለን?



ብዙዎቻችሁ በዚህ ወቅት ዕቅድ ይዛችኋል። አንዱ ኅብረት የመኪና እጥበት ያዘጋጃል፤ ሌላው ከእሁድ አምልኮ በኋላ ቡናና ዳቦ ይሸጣል፤ ሌላው ለበዓል ዘይትና ዱቄት ሰብስቦ ማዕድ ያጋራል። ጌታ ይባርካችሁ። ገንዘብ እንዴት እንደሚሰበሰብ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። እኔ የማነሣው ከዚያ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባ አንድ ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡን ለማግኘት ስንል የተቸገረውን ሰው ፊት ለሕዝብ ማሳየት ተገቢ ነው ወይ? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ከገዛ ጥፋቴ ነው።

ባነሩ

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ እዚሁ አዳማ የአንድ ወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ ነበርኩ። ከመቂ ወጣ ብሎ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ለአገልግሎት ሄድን። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደጋችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከወንጂ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ባለው አካባቢ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቋችን ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም። ልጅ ጥርሱ በሚሠራበት ዕድሜ ሲጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለረጅም ዓመታት የጠጣው ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው ይጎዳል።

ትምህርት ቤቱ የጣሪያ ዝናብ የሚያጠራቅምበት ሮቶ አስፈልጎት ነበር። ለዚያ ገንዘብ ልንሰበስብ ወሰንን። እኔም ስልኬን አውጥቼ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናትን አንዲት ተማሪ ጠራሁና በኦሮምኛ፣ «እስቲ ፈገግ በይ፣ ጥርስሽ እንዲታይ» አልኳት። ፈገግ አለች። ርእሰ መምህሩ ፈቅደውልናል፤ ልጅቱም እንቢ አላለችም። ፎቶውን በትልቅ ባነር አሳትመን በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ሰቀልነው። ገንዘቡ ካሰብነው በላይ ፈጥኖ መጣ። ሁለት ሮቶ ገዝተን ከነቧንቧው አስተከልን። ጌታን አመሰገንን፤ ሥራው በእውነት መልካም ሥራ ነበር።

በዓመቱ ያች ልጅ ክረምቱን ልታሳልፍ አዳማ አክስቷ ጋ መጣች። እሁድ ወደ እኛው ጉባኤ ይዘዋት መጡ። ከፕሮግራም በኋላ ከወጣቶቻችን አንዱ በደስታ፣ «አንቺ የባነሯ ልጅ አይደለሽም?» አላት። ልጁ ክፋት አላሰበም። እሷ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም። አክስቷን ስጠይቃቸው፣ «መምህር፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብላለች። እዚያ ሰው ሁሉ ጥርሴን ያውቀዋል ትላለች» አሉኝ።

ባነሩን ያን ዕለት አወረድኩት። ይሁን እንጂ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ነበር።

ፎቶው ባይኖርስ?

አንዳንዶቻችሁ፣ «መምህር፣ ፎቶው ባይኖር ሮቶው ይገዛ ነበር ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የአገራችንም ታሪክ ያነሣዋል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተቀረጸ የረሃብ ምስል ለዓለም አሳየ። ቀራጩ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን፣ ዘጋቢው ማይክል በርክ ነበሩ። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም ወር፣ የደርግ መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሮ ነበር። የተሸሸገውን እልቂት ያወጣው ያ ምስል ነው። ቦብ ጌልዶፍ ዘፋኞችን አሰባሰበ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ የተባለው ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ፤ ብዙ ገንዘብ ተገኘ፤ የብዙ ሰው ነፍስ ተረፈ። ይህን የሚያቃልል ሰው በዚያ ዘመን እህል የጠበቀችውን እናት ረስቷል።

ነገር ግን ሌላም ነገር ሆነ። በዚያ ዘመቻ የተዘፈነው መዝሙር ርእሱ ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ከንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የተቀበለች አገር ስለ ገና ተጠየቀች! ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ያደጉ ወገኖቻችን ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ሲናገሩ መጀመሪያ የሚሰሙት ስለ ረሃብ ሆነ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መዝሙሩ አርባኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እንደገና ሲወጣ ክርክሩ ተነሣ። ፊውዝ ኦዲጂ የተባለው ትውልደ ጋና ድምፃዊ እንዲህ ያለው ዘመቻ ርኅራኄና ገንዘብ ቢያስገኝም ስለ አፍሪካ ጎጂ አስተሳሰብ እንዲቀጥል ያደርጋል ሲል ተከራክሯል። ያች ልጅ በነጠላዋ አፏን የሸፈነችበትን ምክንያት አንድ አገር ሙሉ ያውቀዋል ማለት ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? የኮረሙ ምስል ባለሥልጣን የሸሸገውን እውነት አወጣ፤ ለምስክርነት አስፈላጊ ነበር። የእኔን ባነር ግን ማንም የሸሸገው እውነት አላስፈለገውም። የውሃውን ነገር የአዳማ ሰው ያውቃል። እኔ የፈለግሁት የሰውን ልብ ቶሎ ማባባት ነበር፤ ለዚያም የአንዲትን ልጅ ኀፍረት ተጠቀምኩ። «እንቢ አላለችም» ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ውሃ ሊያመጣ የመጣን እንግዳ ግን አንዲት ልጅ እንዴት እንቢ ትለዋለች? የሚያስፈልገውን ነገር በእጃችን ይዘን የምንጠይቀው ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለም።

ቃሉ ምን ይለናል?

ጌታችን በማቴዎስ 6፥1-4 ስንመጸውት በሰው ፊት መለከት እንዳናስነፋ ያስተምረናል። ይህን ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ሰጪው ትዕቢት ነው። እስቲ በተቀባዩ ጎን ቆማችሁ አንብቡት። መለከቱ ሲነፋ ሕዝቡ ዘወር ብሎ የሚያየው ሁለት ሰው ነው፤ ሰጪው ይመሰገናል፣ ተቀባዩ ይታወቃል።

ቦዔዝን ተመልከቱ (ሩት 2፥15-16)። አጫጆቹ ከነዶው ሆን ብለው እየጣሉ እንዲተዉላት፣ እንዳያሳፍሯትም አዘዘ። ሩት ቤቷ የገባችው በገዛ እጇ የቃረመችውን ይዛ ነው።

«ሁሉም በስውር ከሆነ ሌባ አይገባበትም ወይ?» ብትሉ ልክ ናችሁ። ጳውሎስም ይህን አስቦበታል። ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን ገንዘብ ሲያሰባስብ ማንም እንዳይነቅፈው የታመኑ ወንድሞችን አብሮ ላከ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን አሰበ (2ቆሮ. 8፥18-21)። የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናትን ልግስናም በግልጽ ተረከ። በኢየሩሳሌም ስለተራበ ስለ አንድ ሰው ስምና መልክ ግን በዚያ መልእክት አንድም ቃል የለም። እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው፤ ሂሳቡ ይገለጥ፣ የተቀባዩ ፊት ይሸፈን። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። በቴሌግራም ገጻችን ላይ ዘይት የሚቀበሉ እናቶች ፎቶ ሞልቷል፤ ስንት ብር ገብቶ ስንት እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ግን የለም።

ምን እናድርግ?

ነገሩን አሳዩ። ደረቁን ቦኖ፣ ባዶውን ጀሪካን፣ የውሃውን የምርመራ ውጤት፣ የሮቶውን ዋጋ አሳዩ። ሰው «ይህን ያህል ብር ይህን ይሠራል» ሲባል ይሰጣል። ከፎቶው ይልቅ ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ይምጣ።

ሂሳቡን ለጥፉ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፤ የሦስት ሰው ፊርማ። የዳቦውና የስኳሩ ወጪም ይጻፍ፤ ብዙ ዝግጅት ትርፉን ራሱ ይበላዋል።

ፊት የሌለውን ስጦታ ስጡ። ዕድሜያችሁ ከ18 በላይ፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ጤነኞችም ከሆናችሁ በኅብረት ሆናችሁ ወደ ደም ባንክ ሂዱ። ደማችሁ ለማን እንደሚሰጥ አታውቁም፤ ተቀባዩም አያውቃችሁም።

ተቀባዩን ባለቤት አድርጉት። ዕድራችንን አስቡ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ድንኳኑንና ገንዘቡን የሚቀበለው አባል ስለሆነ ነው፤ ነገ ደግሞ እሱ ለሌላው ይደርሳል። የኦሮሞ ሕዝብ ቡሳ ጎኖፋም እንዲሁ ነው፤ ጉዳት የደረሰበትን ወገን ሌላው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። እኛም ሮቶውን ስናስተክል ወላጆች መሠረቱን እንዲሠሩ፣ በኮሚቴው እንዲቀመጡ ብንጠይቃቸው ኖሮ ታሪኩ የእነሱም ይሆን ነበር።

ሰው ራሱ ወዶ «ምስክርነቴን ልናገር» ቢልስ? ይናገር። ቢሆንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ባይናገር እርዳታው ይቀርበታል ወይ? ከአሥር ዓመት በኋላ ሲያየው ይደሰታል ወይ? የገዛ እህታችሁ ብትሆን ትሰቅሉት ነበር ወይ?

ሮቶዎቹ ዛሬም ውሃ ይይዛሉ። ለአገልግሎት በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ ያመኛልም። ልጅቱ አሁን ሃያ ዓመት ሆኗታል። አክስቷን ለምኜ ይቅርታ እንድትቀበለኝ መልእክት ልኬባት ነበር፤ «ይቅር ብዬዋለሁ በሉት፣ ግን ፎቶውን ያጥፋው» አለች። አጥፍቼዋለሁ። በሰው ስልክ ውስጥ ስንት ቦታ እንደቀረ ግን መቁጠር አልችልም።

ለኅብረት ውይይት

1. ባለፈው ዓመት ኅብረታችሁ ካወጣቸው ፎቶዎች መካከል ዛሬ የምታነሡት አለ?
2. ማቴዎስ 5፥16 እና 6፥3ን አብራችሁ አንብቡ። የሚታየው መልካም ሥራ የትኛው ነው? የሚሰወረውስ?
3. የሚቀጥለውን የገቢ ማሰባሰቢያችሁን ያለ ማንም ሰው ፊት እንዴት ታዘጋጁታላችሁ?