ልኬትና አደራ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲጓዝ ኮሶዬ ላይ ወርዶ ከገደሉ አፋፍ የቆመ ሰው ቁልቁል ብዙ ያያል፤ ከሸንተረሩ ጀርባ ያለውን ግን ቦታ ካልለወጠ አያይም።

የሌዘር መለኪያ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ግድግዳ ነክቶ ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜ ተነሥቶ ርቀቱን ያሰላል። ከየአቅጣጫው የተለቀሙ ሚሊዮን ነጥቦች ሲገጣጠሙ ሕንፃው፣ ሲሰፋም ከተማው፣ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ይዞ በኮምፒዩተር ውስጥ ይቆማል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መንገድ ለክቷል።

ለመሆኑ፣ ጎንደርን የመሰለች ከተማ ከነግንቦቿና ከነሰፈሮቿ እንዲህ ባለ አምሳል ብትያዝ፣ የጠባቂነት አደራችን ይቀልልናል?

ልኬት እንደሚጠቅም አይካድም። የፓሪሱ ኖትርዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል ቀደም ብሎ በሌዘር የለካው አንድሪው ታሎን በሕይወት አልነበረም፤ ልኬቱ ግን መልሰው የሠሩትን ሰዎች ረዳ። ያ እሳት ማንም ሳይመኘው የመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ በርካታ ነባር ቤቶች የፈረሱት ግን በሰው ውሳኔ ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ አስቀድሞ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ልኬቱ ለአፍራሹ የኅሊና ማስታገሻ በሆነው ነበር ብዬ እሠጋለሁ። ጨረሩ የሚነካው ግድግዳውን ነው፤ በግድግዳው ወዲህና ወዲያ ቡና ይጠራሩ የነበሩትን ጎረቤታሞች አይነካም።

እንግዲህ እንለካ፤ የምንለካው ግን ለመጠገን ይሁን። «አምሳሉ አለን» ብሎ ዋናውን የሚያፈርስ፣ ኮሶዬ አፋፍ ላይ ቆሞ «ከሸንተረሩ ጀርባ አገር የለም» የሚለውን ሰው ይመስላል።