በቀደሙት አምሳል ስለ ተሠራ ሰዓት

አዲስን ነገር በቀድሞው መልክ የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው የቀደሙትን የሚያከብር ነው፥ ሁለተኛው የቀደሙትን ስም የሚሰርቅ ነው። ከሩቅ ለሚመለከታቸው ሁለቱም አንድ መስለው ይታያሉ፤ በእጃቸው የያዙት መሣሪያም አንድ ነው። እንግዲህ አክባሪውን ከሌባው የሚለየው ምንድር ነው? ጥያቄው ታናሽ ቢመስልም እናትንና ልጅን የሚነካ ጊዜ አለና በምሳሌ ሊመረመር ይገባዋል።

በመንዝ ቀያ ገብርኤል፥ በዘመሮ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ እንዳሉ ይታሰብ። ባላቸው ቄስ ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉም በየማለዳው የሚሞሉት አንድ የኪስ ሰዓት ነበራቸው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አባቶች የጸሎቱንና የጾሙን ሰዓት ያውቁ የነበረው በደጅ ቆመው ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፥ አንዱ ኬክሮስም 24 ደቂቃ ይሆናል። በደመና ቀን ግን ጥላ የለምና ቄሱ ሰዓታቸውን ከደረታቸው አውጥተው ይመለከቱ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ሰዓቱ ቆመ፤ እማሆይም ለልጃቸው «ወስደህ አሳድሰው» ብለው ሰጡት። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ፤ በዚያም ጣለው።

ይህ ልጅ በቀን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሲሆን፥ በማታ ስለ ደስታው ብቻ ሰዓት የሚፈታና የሚገጥም ነው። ገበታው ላይ በዓይን የሚገጠም ማጉያ መነጽር፥ ስስ ወረንጦ፥ ልዩ ልዩ ካቻቢቴ፥ ሞረድና ትንሽ ቶርኖ አሉት። የአባቱን ሰዓት መልክ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው በእርሱ አምሳል ሌላ ሊሠራ ተነሣ። ጊዜን ለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ብር የሚገዛ የባትሪ ሰዓት ከዚህ ይልቅ ትክክለኛ ነው፤ እርሱ የፈለገው ግን መልኩንና ድምፁን ነበር። ስለዚህ ለኪስ ሰዓት የተሠራውን፥ ኡኒታስ 6497 የሚባለውን የስዊስ ሞተር አገኘ። የዚህ ሞተር ስፋት 36.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክፍሎቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ለሚማር እጅ ይመቻል። ሞላው ሲጠበቅ ኀይልን ያጠራቅማል፤ ያም ኀይል በጥርሳም መንኰራኵሮች እየተላለፈ ሄዶ አንዲት ታናሽ መንጠቆ ጥርስ በጥርስ ትለቀዋለች፤ ባለ ስስ ሞላው ሚዛንም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ፍጥነቱን ይወስናል። በቀድሞው ልማድ የተሠራው ዓይነት በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ ይመታል፥ ይኸውም በአንድ ሰከንድ 5 ጊዜ ነው።

በዚህ ሙያ ውስጥ ስለ እውነትና ስለ ሐሰት የሚያስተምር አንድ ሥራ አለ። በጥንት ሰዓቶች ውስጥ የሚታዩት ብሎኖች እንደ ሰማይ ሰማያዊ ናቸው። ይህ ቀለም የሚገኘው ብረቱ እንደ መስተዋት ከተወለወለ በኋላ በቀስታ ሲግል ነው፤ በመጀመሪያ የገለባ መልክ ይይዛል፥ ቀጥሎ ቡናማና ሐምራዊ ይሆናል፥ ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስም ሰማያዊ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ከእሳት ያላወጣው ሰው ቀለሙን ያጣዋል፤ እንደ ገናም ወልውሎ መጀመር አለበት። ይህን ድካም የሚሸሽ ግን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ይገጥመዋል። የመንዝ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ በርኖስ የሚገዛ ብልህ ሰው ጠጕሩ ከበጉ ጥቁር ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ወይም በቀለም የጠቈረ እንደ ሆነ ሳይመረምር ገንዘቡን አይከፍልም።

ስለ ገንዘብ የሚመጣው ፍርድ ቀላል ነው። የሰዓቱን ገጽ በሻይ ውኃ አወይቦ፥ ቀፎውን በአሸዋ ፍቆ፥ አዲሱን አሮጌ ብሎ የሚሸጥ ሰው በሐሰተኛ ሚዛን ከሚመዝን ነጋዴ አይሻልም። ይህም ክፋት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በስዊስ አገር ተወልዶ በፓሪስ የሠራው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ (በፈረንጆች አቈጣጠር 1747–1823) ስሙን እየሰረቁ የሚሸጡ ሰዎች ቢበዙበት፥ በ1795 ገደማ በሰዓቱ ገጽ ላይ ብርሃን በጐን ሲያርፍበት ብቻ የሚነበብ ረቂቅ ፊርማ ማስቀረጽ ጀመረ። ብሬጌ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የተወለደው እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ (1926–2011) ግን የብሬጌን ሰዓቶች እየፈታና እያደሰ ጥበቡን ተማረ፤ በ1975ም ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ አንድን ሰዓት ከቀፎው እስከ መንኰራኵሩ በገዛ እጁ ሲሠራ በመልኩ የብሬጌን መንገድ ተከተለ፤ በገጹ ላይ የጻፈው ግን የራሱን ስምና የሎንዶንን ስም ነው። መከተሉም መፍጠርን አልከለከለውም፤ የኀይሉን መልቀቂያ በአዲስ ዘዴ አሻሽሎ ኦሜጋ የሚባለው ኩባንያ በ1999 በሰዓቶቹ ውስጥ አገባው። የሚያከብር ሰው በተቀበለው ርስት ላይ ይጨምራል፤ የሚሰርቅ ሰው ግን ከርስቱ ይቀንሳል።

የቅኔ ቤትም ሥርዐት ይህንኑ ያስረዳል። ተማሪው ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየን በሦስት ቤት ይቈጥራል፤ ልኩና ዜማው የአባቶች ነው፥ ምሥጢሩ ግን ከራሱ ልብ የመነጨ አዲስ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ሌባ ይባላል፤ የራሱን ደካማ ቅኔ ለታላቅ መምህር ሰጥቶ የሚያስመሰግንም ከእርሱ አይለይም። የብራና ጸሐፊም እንደዚሁ ነው፤ በአባቶች ፊደልና በአባቶች ቀለም ይጽፋል፥ በመጨረሻም ስሙን አስቀምጦ ጸልዩልኝ ይላል። ብራናውን በጢስ አጥቍሮ የጥንት ነው እያለ ለመንገደኛ የሚሸጠው ግን ጸሎትንም የሚለምንበት ስም የለውም።

ሰው የራሱን ስም ትቶ የሌላውን የሚይዘው ስለ ምንድር ነው? ምክንያቱ ስስት ብቻ አይደለም፤ ኀፍረትም አለበት። በኢትዮጵያ ብረት ቀጥቃጩ በሙያው እየተሰደበ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከለከሉ። በሥራው የሚሰደብ ሰው በሥራው ላይ ስሙን ለመጻፍ አይደፍርም። የሚያስደንቀውም ሊቃውንት እጅግ የሚያከብሩት ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከአንጥረኛ ቤት መሆኑ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም አውጥቶ በጭቃ ይመርገዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይገባል። የቀድሞው መልክ ሰም ነው፤ የሠሪው እውነት ወርቅ ነው። እውነቱ ያልገባበት መልክ ባዶ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

የዘመሮው ልጅ ፈተና ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ እርሱ የሚያታልለው ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር ነውና። እናቱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው የባላቸውን ሰዓት ድምፅ የሰሙ ቢመስላቸው ማን ይጐዳል? እናትን ማሳዘን በደል አይደለምን? ብዙ ደግ ሰዎች እንደዚህ ብለው ሐሰትን በምሕረት ልብስ ይሸፍኗታል።

መልሱ እማሆይ ራሳቸው ለባላቸው ባወጡት ተዝካር ውስጥ ይገኛል። ተዝካር የሚወጣው ሰው ስለ ሞተ ነው፤ ሞቱን የሚሰውር ሰው ተዝካር አያወጣም። ቤተ ክርስቲያን ኀዘንተኛን የምታጽናናው አልሞተም ብላ በመዋሸት አይደለም፤ መሞቱን አምና ስሙን በመጥራትና በመጸለይ ነው። እንዲሁም በአባቱ ሰዓት አምሳል የተሠራው ሰዓት ተዝካር ሊሆን የሚችለው የፊተኛው መጥፋቱ ከተነገረ ብቻ ነው። ደግሞም ልጁ ዝም ቢል የሚያጣው ሌላ ነገር አለ። ያልተነገረ በደል ይቅር አይባልም፤ ስለዚህ እማሆይ ሰዓቱን በሳሙት ቍጥር ልጁ ከእናቱ ይርቃል፥ እርሳቸውም የራቀበትን ምክንያት ሳያውቁ ይሞታሉ።

እንግዲህ ልጁ በቀፎው ክዳን ውስጥ «በአባቴ ሰዓት አምሳል ተሠራ» ብሎ፥ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ቀርጾ ወደ ዘመሮ ይሂድ። ለእናቱም፦ «እማዬ፥ የአባባን ሰዓት እኔ ጣልሁት፤ ይህንን እርሱን እያሰብሁ በእጄ ሠራሁት» ይበላቸው። ምናልባት ያለቅሳሉ፥ ምናልባትም ይቈጣሉ፤ ይህ የእናት ፋንታ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ግን ሰዓቱን መሙላት ቢሹ፥ የሚሞሉት የባላቸውን መታሰቢያና የልጃቸውን እጅ ሥራ መሆኑን ዐውቀው ነው፤ ከሁለቱም አንዱ ሐሰት የለበትም።