የእሁድ ጠዋት ሳይክል እና ኋላ የቀረው ወንድም

 

በዚህ ሳምንት አንድ ወንድማችን ስለ ሳይክል ጠየቀኝ። «እሁድ ጠዋት በፍጥነት ከሚነዱ ልጆች ጋር ወጣሁ፤ ዳገቱ ላይ ጥለውኝ ሄዱ። ወንድማማችነቱ የታለ?» ይላል። ከሳይክሉ ሳልርቅ ልመልስለት።

መጀመሪያ ፍጥነትን አንውቀስ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ ተሽቀዳድመዋል። በመዲና የፈረስ እሽቅድምድምም አድርገዋል። በኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ዘገባ መሠረት ለውድድር የተዘጋጁት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ ሮጡ፤ ይህም 5 ወይም 6 ማይል ነው። ያልተዘጋጁት ደግሞ ከሰኒየቱል ወዳዕ እስከ በኑ ዙረይቅ መስጂድ፣ 1 ማይል ያህል። ልብ በል፣ ደካማውን ፈረስ ከጠንካራው ጋር አላሰለፉትም፤ ጠንካራውንም በደካማው ልክ አልያዙትም። ለእያንዳንዱ ርቀቱን ለዩለት።

ስለዚህ «እኛ ፈጣን ነን፣ ማንንም አንጠብቅም» ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ቡድን፣ በእኔ እይታ፣ ማንንም አልበደለም። ይህን ሰምተህ ገብተህ ከቀረህ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለህም። «አብረን ወጥተን አብረን እንመለሳለን» ብለውህ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሙስሊም በገባው ውል ይታሰራል፤ በቴሌግራም የተጻፈ ቃልም ቃል ነው።

ሳይክል ለማትነዱ ትንሽ ላስረዳ። ሜዳ ላይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ስትነዳ አብዛኛው ጉልበትህ የሚያልቀው አየሩን በመግፋት ነው። ከፊተኛው ጎማ ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከዚህ ጉልበት ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ይቆጥባል። በተራ ወደ ፊት የሚወጡት ለዚህ ነው፤ አንዱ ንፋሱን ይቀበላል፣ ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለሳል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ስለሚወርድ ይህ መጠለያ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ሁሉም ከገዛ እግሩ ጋር ይቀራል። ሜዳው ላይ ከሌሎቹ እኩል የመሰለው ልጅ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚቀረው ሰንፎ አይደለም።

ታዲያ መንገዱን ሁሉ በሰው ጀርባ ተጠልሎ ተራውን የማይወስድ ሰው የሰው ሐቅ በልቷል? አቅም ከሌለው አልበላም፤ ከኋላ መሆኑ ፊተኛውን አያደክመውም። አቅም እያለው ጉልበቱን ቆጥቦ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ጥሎ የሚያልፈው ግን… በውድድር ይህ ስልት ነው፣ ሁሉም አውቆ የገባበት። በእሁድ ጠዋት፣ በወንድሞች መካከል፣ ያስጠላኛል። ሐራም ነው አላልኩም፤ ያስጠላኛል ነው ያልኩት።

ፈትዋ የማያስፈልገው ነገርም አለ። ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ እንጂ መንገዱን አይደለም። ጉድጓድ ሲመጣ ፊተኛው በእጁ ይጠቁማል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ያስተላልፋል። አንዱ ራሱ አምልጦ ዝም ካለ ሌላው ይወድቃል፤ ከጎን ደግሞ አይሱዙ እየመጣ ነው። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድ የኢማን ቅርንጫፍ መሆኑን በልጅነታችን ተምረናል። ጉድጓዱን መድፈን ባንችል እጃችንን መዘርጋት እንችላለን። ይህ አማና ነው፤ ፈጣን ቡድንም ሆነ ቀርፋፋ ቡድን ከዚህ ነፃ አይወጣም።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር፤ ደካማውን ያበረታታሉ፣ ከኋላቸው ያፈናጥጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ጃቢር ይህን ራሱ ቀምሶታል። ከዘመቻ ሲመለሱ ግመሉ ደክሞ ኋላ ቀረ፤ እዚያ ያገኙት እሳቸው ናቸው። «ምን ሆንክ?» ብለው ጠየቁት እንጂ አልወቀሱትም። ግመሉን ነካ አደረጉት፣ ከሌሎቹም ቀድሞ መሄድ ጀመረ። በመንገድ ላይ ስለ ትዳሩ ሳይቀር አወሩት። የጦሩ መሪ እኮ ናቸው።

ሳይክል ነጂዎች ይህን ሞክሩት፦ ከቡድኑ በጣም ጠንካራው ልጅ ከኋላ ይሁን። ኋላ ቀርቶ ተመልሶ መድረስ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ደካማ ብትመድቡ ሁለቱም ይቀራሉ። የሚጠበቅበትን ቦታም፣ ለምሳሌ የዳገቱን ጫፍ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

አንተም ወንድሜ፣ አቅምህን ሳትደብቅ ንገራቸው። ማንም እንደማይጠብቅ እያወቅክ ለመታየት ብለህ የምትገባበት ቡድን ለጉልበትህም ለኒያህም አይበጅም። እና አንድ ነገር፦ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ የሚነሱ ቡድኖች አሉ። ሱብሒ መንገድ ላይ እንዳያልፋችሁ መነሻውን ግማሽ ሰዓት ግፉት በሏቸው።

ወላሁ አዕለም።