ያለ ርኅራኄ ስለሚፈለግ ዕውቀት

የደዌን መተላለፊያ መመርመር መልካም ነው፤ መንገዱ ያልታወቀ ደዌ አይገታምና። ነገር ግን ምርመራው ራሱ በደል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህም ምስክሩ በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ፣ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በ600 ጥቁር ወንዶች ላይ ያደረገው የቂጥኝ ጥናት ነው። ከእነርሱ 399ኙ ሕሙማን ነበሩ፤ የደዌያቸው ስም አልተነገራቸውም፤ ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ተከለከሉ። ደዌውም ወደ ሚስቶችና ወደ ልጆች ተላለፈ። መርማሪዎቹ «ደዌውን እኛ አላመጣነውም» ቢሉ ምክንያት አይሆናቸውም፤ መድኀኒት በእጁ ይዞ ሕሙምን ቆሞ የሚመለከት ካቈሰለው ሰው አይለይምና። እኛስ ለኤች አይ ቪ ሕመምተኛ ሕይወቱን የሚጠብቅ መድኀኒት መኖሩን እያወቅን ሳንነግረው ዝም ብንል፣ ከዚህ ፍርድ እናመልጣለንን?