መሣሪያው የሚያየው ወዴት ነው? የሕግ ቃልና የሕግ ምሥጢር

በጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ሞዴሎች በሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ፣ የአንድ ተሽከርካሪ መሣሪያ የሚመታው በተኩስ ማዕዘኑ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። የሚዞር ጉልላት ያለው ታንክ ዙሪያውን ይተኩሳል። ከፊት ለፊቱ የተተከለ መትረየስ ግን ፊቱን እንጂ ጎኑንና ጀርባውን አይደርስበትም። ሕጉ አጭር ነው፤ ክርክሩ ግን ረጅም። ማዕዘኑ የሚለካው ከአፈሙዙ ጫፍ ነው ወይስ መሣሪያው ከተተከለበት? ሠሪው በሙጫ ያጣበቀው መትረየስ ተጣብቋልና አይዙር ወይስ እውነተኛው ይዞራልና ይዙር? ጥያቄው ከጨዋታ ያልፋል፤ ሕግ የሚኖረው በቃሉ ነው፣ በዕቃው ነው ወይስ በወጣበት ምክንያት?

ክርክሩ የማያስፈልግበት ጨዋታም ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የጦርነት ጨዋታ መጽሐፍ ጥይት በእውነት በሚወረውሩ የአሻንጉሊት መድፎች ላይ የቆመ ነው። ማን እንደተመታ የወደቀው ወታደር ራሱ ይመሰክራል። ዕቃው በማይተኩስበት ጨዋታ ግን የዕቃውን ቦታ ቃል ይይዛል፤ ቃል ደግሞ ተርጓሚ ይሻል።

ይህ ለጎጃም ሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ትምህርቱ በታወቀው በደብረ ኤልያስ ተማሪው ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ይለምዳል። በትርጓሜ ቤት ደግሞ መምህሩ የግዕዙን ንባብ በነጠላ ተርጉሞ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ደግሞም «አንድም» ይላል። ፍትሐ ነገሥትም የተተረጎመው በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ አንድምታ ልቅ ፈቃድ አይደለም። ፍቺው ንባቡን መልቀቅ የለበትም፤ ከምሥጢሩም መጣላት የለበትም። በሙጫ የተጣበቀው መትረየስ በዚህ ሚዛን ሲታይ ሙጫው የሠሪው እጅ ያመጣው ነገር ነው፣ ሕጉ የሚናገረው ስለ መሣሪያው ነው። ስለዚህ እውነተኛው መትረየስ የሚዞረውን ያህል ይዙር፣ ከዚያ አይለፍ።

የማዕዘኑ ሕግ ምሥጢር ደግሞ በጎጃም ሰዎች ደም የተጻፈ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ገጠመ። ጣሊያኖቹ ያሰለፏቸው ሲ.ቪ. 33 የተባሉ፣ ሁለት ሰው የሚይዙ ትንንሽ ታንኮች የሚዞር ጉልላት አልነበራቸውም። መትረየሶቻቸው ከፊት ተተክለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚሉት በጥቂቱ ነበር። ከፊት የሄደባቸው ይረግፋል። ታንክ የሚያቆም መሣሪያ ያልነበራቸው ተዋጊዎች ግን በጎንና በኋላ ዞረው ተጠጉ፣ ታንኮቹም ላይ ወጡባቸው። አፈሙዙ ያልደረሰበት ክንድ የማትሞላ ስፍራ ለባለ ጎራዴው መግቢያ ሆነችው። በደብረ ኤልያስ የተማሩት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ነበር፤ የዚያን ጦርነት ትውስታቸውን «ትዝታ» በተሰኘው መጽሐፋቸው አስቀምጠዋል።

እንግዲህ ሕጉ የወጣው ጀርባ ጀርባ እንዲሆን ነው። ከእነዚህ የጠረጴዛ ጨዋታዎች በጣም የታወቀው ዋርሃመር 40,000 እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ስምንተኛ እትሙ የተሽከርካሪዎችን የተኩስ ማዕዘን አስቀርቷል። ጨዋታው ፈጥኗል፣ ነገር ግን ዞሮ የመጣ ተጫዋች የድካሙን ዋጋ አጥቷል። ማዕዘኑ ባለበት ጨዋታም ቃሉን እየለጠጠ መሣሪያውን ወደ ጎን የሚያስተኩስ ትርጓሜ ንባቡን ቢይዝም ምሥጢሩን ጥሏል።

ጨዋታውና የትርጓሜ ጉባኤው የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ። ጉባኤው ብዙ «አንድም» ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊያድር ይችላል፤ ዳይስ የያዘ እጅ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ምርጫው መደረግ ያለበት ሞዴሎቹ ከመሰለፋቸው በፊት፣ ማን እንደሚጠቀምበት ሳይታወቅ ነው። ሲ.ቪ. 33 ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም ከኋላው የመጣውን አይመታም፤ ደምበጉና ላይም አልመታም።