የተሰበረ ዲስክና የመረጃ ህልውና

ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ የሚጠፋው መረጃው ነው ወይስ ወደ መረጃው የሚያደርሰው መንገድ? አርስቶትል ቁስንና ቅርጽን ለይቶ ያያል። ሰሙ ቁስ ነው፤ የማኅተሙ ምስል ደግሞ ቅርጽ። በዲስክም ቁሱ ሳህኑ ሲሆን ቅርጹ የማግኔታዊ ነጥቦቹ አሰላለፍ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቢቆም ወይም አንባቢው ጭንቅላት ቢሰበር አሰላለፉ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ፋይል «ተሰረዘ» ሲባል እንኳ ብዙ ጊዜ የሚፋቀው አድራሻው ብቻ ነው፤ ቅርጹ የሚጠፋው ሌላ ነገር በላዩ ሲጻፍበት ነው።

ይህ በተግባርም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ። ቴክሳስ ላይ ከወደቀው ፍርስራሽ የዜኖን ጋዝ ሙከራ ውጤት የያዘ፣ በእሳት የተለበለበ ዲስክ ተገኘ። መረጃው የሰፈረበት የሳህኑ ክፍል ግን አልተጎዳም ነበር። ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጽድተው በሌላ አካል ላይ ገጠሙና 99 በመቶ ያህሉን አንብበው ወደ ሌላ ማከማቻ ገለበጡ፤ ጥናቱም በ2008 ታተመ። ከሟቾቹ ድካም ይህን ያህል መትረፉ በእርግጥ ልብ ይነካል።

የተረፈው መረጃ የቀድሞው ራሱ ነው ወይስ አምሳያው? በቅርጽ ከሄድን ያው ራሱ ነው፤ በቁስ ከሄድን ሌላ ነው። የመጀመሪያው መልስ ይበልጥ ያሳምናል፤ ሙከራውን የሠሩት ሰዎች የፈለጉት ብረቱን ሳይሆን ልኬቱን ነበርና። ቅርጹ ግን ከአሮጌው ሳህን ወደ አዲሱ ማከማቻ ሲሻገር ለቅጽበት እንኳ ያለ ቁስ አልቆመም።