ልጅን ስለ መቀበልና ልጅን ስለ መምረጥ

ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ዘወትር ታስተምራለች። ስጦታ ደግሞ ከሰጪው እጅ የሚቀበሉት እንጂ ከክምር ውስጥ አማርጠው የሚያነሡት አይደለም። በዘመናችን ግን የሕክምና ጥበብ ወላጆችን ከተቀባይነት ወደ መራጭነት የሚያሻግር በር ከፍቶላቸዋልና ነገሩን ልንመረምረው ይገባናል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዪቱ ሕፃን በእንግሊዝ አገር ተወለደች። በ1990 ዓ.ም. የለንደን ሐኪሞች በወንዶች ልጆች ላይ የሚበረታ ከባድ ደዌ በዘራቸው ላለባቸው ቤተሰቦች፣ ከሦስት ቀን ፅንስ አንዲት ሕዋስ ወስደው በመመርመር ሴት የሆነውን ለይተው ወደ እናቱ ማሕፀን አስገቡ። ዛሬ ምርመራው ከደዌ አልፎአል። በአሜሪካ ፅንሶችን በዘር ምልክታቸው መዝነው፣ ስለ ቁመታቸውና ስለ አእምሮአቸው ብልህነት ሳይቀር ግምት የሚሰጡ ነጋዴዎች ተነሥተዋል።

አስቀድመን ሐዘንተኞችን እናስብ። ባልና ሚስት ሁለቱም አንድ ዓይነት የተሰወረ ደዌ በዘራቸው ቢሸከሙ፣ በእያንዳንዱ ልጃቸው ላይ ደዌው የመገለጡ ዕድል ብዙውን ጊዜ ከ4 አንድ ነው። ሁለት ልጆች የቀበሩ ወላጆች ሦስተኛውን ፈርተው ቢያማክሩ፣ እምነት የላችሁም ብሎ መገሠጽ የእረኛ ሥራ አይደለም። የልጅን ጤና መመኘትም ኃጢአት አይደለም፤ ጌታችን ድውያንን ፈወሰ እንጂ ደዌን አላመሰገነም።

ነገር ግን መፈወስና መምረጥ አንድ አይደሉም። ሐኪም ሲፈውስ ደዌው ይወገዳል፣ ሕመምተኛው ይኖራል፤ በዚህ ምርጫ ግን ደዌው የሚወገደው ሕመምተኛውን በማስወገድ ነው። ከስምንት ፅንስ አንዱ ቢመረጥ ሰባቱ አልተፈወሱም፤ ተጣሉ እንጂ። ገና ትንሽ ነውና ሰው አይባልም የሚሉ አሉ። ቅዱስ ባስልዮስ ግን በቀኖናው መልክ የያዘና ያልያዘ ፅንስ ብሎ መለየትን አልተቀበለም። በዘመኑ ሕዋስን የሚያሳይ መነጽር አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ዛሬም ጸንቶ ይኖራል።

የመራጩስ ዓይን የሚታመን ነውን? ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ኤልያብን ባየ ጊዜ የተቀባው ይህ ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ የተመረጠው ግን ከወንድሞቹ ጋር እንኳ ያልተጠራው፣ በግ ጠባቂው ብላቴና ሆነ። ነቢይ የተሳሳተበትን ሚዛን ነጋዴ ያቃናዋልን? በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ዓይናቸው የማያይ መምህራን ስንቱን ሊቅ አፍርተዋል! ዓይነ ስውርነታቸው ከዘር ይሁን ከፈንጣጣ የጠየቀ ደቀ መዝሙር ያለ አይመስለንም። የተመረጠውም ልጅ ቢሆን ዕዳ ይዞ ይወለዳል፤ ለብልህነቱ ተመርጦ ትምህርት ቢከብደው አባቱ በምን ዓይን ያየዋል?

ይህ ጥያቄ በውጭ አገር ለሚያገለግሉ ካህናት ሩቅ አይደለም። የንስሐ አባት ነገሩን የሚሰማው ፅንሶቹ በብርድ ዕቃ ከተቀመጡ በኋላ ከሆነ ምክሩ ዘግይቶአል። ስለዚህ ልጅ አጥተው ወደ ሐኪም ሊሄዱ ያሰቡ ባልና ሚስት ሲመጡ፣ ስንት ፅንስ እንደሚዘጋጅና የሚቀሩትስ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ይጠይቃቸው። የማያውቁት ከሆነ ሐኪሙን ጠይቀው እስኪመለሱ ድረስ አይፍጠኑ።